ዓይኗን እንደ አበባ የያዘች ቅድስት፦ ስለ ካቶሊክ ሥዕል፣ ስለ ፊደልና ስለ አንድ ባለ 16 ገጽ ዚን

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ካቶሊክ ቤተሰብ ውስጥ ያደገች ኢትዮጵያዊት ናት። አሁን ጣሊያን፣ ቦሎኛ ከተማ ግራፊክ ዲዛይን ትማራለች። ስለ ቅዱሳን ሥዕሎች ባለ 16 ገጽ ዚን እየሠራች ነው። ዚን ማለት አንድ ሰው በራሱ አቅም አትሞ፣ አጥፎ፣ በስቴፕለር መትቶ የሚያሰራጨው ትንሽ ኅትመት ነው። ጽሑፉ አማርኛና ጣሊያንኛ ነው። ትምህርት ቤቷ ሪሶ የሚባል፣ እያንዳንዱን ቀለም ለብቻው የሚያትም ማባዣ ማሽን አለው፤ ያሉት ቀለሞች ግን ቀይና ሰማያዊ ብቻ ናቸው። እንዲህ ትላለች፦ «ለቅድስት ሉቺያ ግንባሯ ላይ ሦስተኛ ዓይን ጨመርኩላት፣ ደም አፈሰስኩ፣ እሳት አነደድኩ። ሕልም እንዲመስል ፈልጌ የሄቪ ሜታል አልበም ሽፋን ሆነብኝ። ሳለዝበው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሚሸጥ ካርድ ይሆናል። የአማርኛው ፊደል ከላቲኑ ጎቲክ ፊደል ጎን ሲቀመጥ ሙት ነው። እናቴ ስታየው ምን እንደምትልም እፈራለሁ።»

ሰላም እህቴ። የምትሠሪው ነገር በጣም ደስ ብሎኛል። ይህ ርዕስ በአማርኛ ብዙም አልተሠራበትም፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ እመልስልሻለሁ።

ከሥዕሉ ልጀምር። ሉቺያ በትውፊት ዓይኗን ያጣች ሰማዕት ናት፤ ሦስተኛ ዓይን መጨመር አያስፈልግሽም። በድሮዎቹ ሰዓሊዎች እጅ ሉቺያ ቀድሞውንም ባለ አራት ዓይን ናት፤ ሁለቱ ፊቷ ላይ፣ ሁለቱ እጇ ላይ። ፍራንቼስኮ ዴል ኮሳ በ1473 ገደማ የሣላትን ሉቺያ ፈልጊያት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሥዕሏ ዛሬ ዋሽንግተን፣ ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት ውስጥ ትገኛለች። የተሣለችው ግን አንቺ ላለሽበት ከተማ፣ ለሳን ፔትሮኒዮ ባዚሊካ ነው። የመሠዊያው ሥዕል በ18ኛው ክፍለ ዘመን ተፈታትቶ ክፍሎቹ በየአገሩ ተበተኑ። ሙዚየሙ ምስሉን በትልቅ መጠን በነጻ ያስወርዳል። ለፈለግሽው ሥራም መጠቀም ትችያለሽ።

አውርጂና አጉልተሽ እያት። በአንድ እጇ የሰማዕታትን ዘንባባ ይዛለች። በሌላው እጇ ቀጭን የአበባ አገዳ አለ። አገዳው ጫፍ ላይ፣ አበባ መሆን በነበረበት ቦታ፣ ሁለት ዓይኖች በቅለዋል። አያያዟን ልብ በይ። በጣቶቿ ጫፍ ነው፣ ቀለል አድርጋ። ደም የለም። ፊቷ ላይ ስቃይ የለም። ከኋላዋ ወርቅ ብቻ ነው። ሰዓሊው ምንም አላጋነነም። የማይሆነውን ነገር ወስዶ ልክ እንደሚሆን ነገር በጥንቃቄ ሣለው፣ አለቀ። ተመልካቹ ቆሞ የሚቀረው በዚህ ነው። ያንቺ ረቂቅ ሄቪ ሜታል የመሰለው «ይህ ያስፈራል» ብለሽ ቀድመሽ ስለነገርሽን ነው። ካርድ የመሰለው ደግሞ ስታለዝቢው ዓይኖቹንም አብረሽ ስላለዘብሽ ነው። መለዘብ ያለበት ፊቷ ነው። ዓይኖቹ ግን ሥጋ ሆነው፣ ሽፋሽፍታቸው ተቆጥሮ መሣል አለባቸው።

የሱሪያሊዝም ሰዎች፣ ሕልም መሰል ሥዕል የሚሠሩት ማለቴ ነው፣ ፓሪስ ላይ ማኒፌስቷቸውን ያወጡት በ1924 ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን ቀድማቸዋለች። ከቦሎኛ በባቡር ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ፍሎረንስ ትደርሻለሽ። እዚያ ሳን ማርኮ ገዳም ገብተሽ 7ኛውን የመነኮሳት ክፍል እዪ። ፍራ አንጀሊኮ በ1440 ገደማ የጌታችንን መዘበቻ ግድግዳው ላይ ሥሎታል። ክርስቶስ ዓይኑን በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ዙሪያውን አካል የሌላቸው እጆች አየር ላይ ተንሳፍፈዋል። አንዱ እጅ በጥፊ ሊመታው ነው፣ ሌላው ዱላ ይዟል። አንገት የሌለው ጭንቅላት ደግሞ ባርኔጣውን እያነሳ ይተፋበታል። ከታች እመቤታችንና ቅዱስ ዶሚኒክ ተቀምጠዋል። ዶሚኒክ መጽሐፍ ያነባል፤ ቀና ብሎም አያይም። ወታደሮቹ ሙሉ ሰውነታቸው ቢሣል ኖሮ መነኩሴው ልብሳቸውን፣ ፊታቸውን ሲያይ ይውል ነበር። የቀረለት ጥፊው ብቻ ነው። እኔ ሥዕሉን የማነበው እንዲህ ነው፦ ለጸሎት የማያስፈልገው ሁሉ ተነስቷል። አንቺም ገጽሽ ላይ ምን ልጨምር ከማለት ምን ላንሳ ብትዪ ሕልሙ በራሱ ይመጣል።

ቦሎኛ ውስጥ ሁለት ነገር ሳታዪ እንዳትቀሪ። ሳን ዶሜኒኮ ባዚሊካ ውስጥ የቅዱስ ዶሚኒክ መቃብር ላይ ማይክል አንጄሎ ገና ወጣት ሳለ፣ በ1494 እና በ1495 መካከል የቀረጸው የከተማዋ ጠባቂ ቅዱስ ፔትሮኒዮ አለ። ከተማዋን በሙሉ፣ ከነግንቦቿ፣ በእጁ ታቅፏል። መጠን መገልበጥ ማለት ይህ ነው፤ ሌላ ጌጥ አልፈለገም። ሁለተኛው ቪያ ታሊያፒየትሬ ላይ ያለው የኮርፑስ ዶሚኒ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቅድስት ካተሪና ዴ ቪግሪ (1413–1463) እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ አስከሬኗ ማለቴ ነው። ቀጥ ብላ፣ የመነኩሲት ልብሷን ለብሳ፣ ፊቷ ጠቁሮ። ካተሪና መነኩሲት ብቻ አልነበረችም፤ ትሥል ነበር። የራሷን የጸሎት መጽሐፍ በእጇ ጽፋ በሥዕል አስጊጣለች። ቅድስናዋ የታወጀው በ1712 ነው፤ ካቶሊኮች የሰዓሊያን ጠባቂ ይሏታል። ስለ ቅዱሳን ሥዕል የምትሠሪ ተማሪ ሆነሽ፣ ያለሽበት ከተማ ውስጥ ሰዓሊዋ ቅድስት ወንበር ላይ ተቀምጣ እየጠበቀችሽ ነው። ፈቃድ ጠይቂ፣ እርሳስ ይዘሽ ሂጂ፣ ፎቶ ከማንሳት ተቀምጠሽ ሣዪ። ከዚህ ዚን አንድ ሙሉ ገጽ የእሷ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ።

እንዲህ ያለው ሥዕል ለእኛ ሰው ባዕድ አይደለም። የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ሥዕል አስቢ። በጸሎት ብዛት የተቆረጠች እግር፣ በጀርባቸው ስድስት ክንፍ፣ ፊታቸው ግን የረጋ። ስለዚህ አማርኛ አንባቢሽ ሉቺያን ሲያይ «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» አይልም። ቋንቋውን ያውቀዋል።

ከሮም ኅትመት ሥዕል ወስዶ የራስ ማድረግም የቆየ የአገራችን ሙያ ነው። በ1591 ሮም ውስጥ የዓረብኛ ወንጌል ከእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች ጋር ታትሞ ነበር። መጽሐፉ ኢትዮጵያ ደረሰ፤ የጎንደር ዘመን ሰዓሊዎችም ሥዕሎቹን እንደ መነሻ ተጠቀሙባቸው። ሮም፣ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለችው እመቤታችንም እንዲሁ ናት። እጆቿን አመሳቅላ መሐረብ የያዘችው ማርያም በኢየሱሳውያን በኩል መጥታ በኋላ በየገዳሙ የምናያት ሆነች። የጎንደር ሰዓሊዎች የሮሙን ሥዕል ሲወስዱ ምን እንደያዙ፣ ምን እንደጣሉ ልብ በይ። አቀማመጡን፣ የእጁን ምልክት፣ ዕቃውን ያዙ። ጥቃቅኑን የጥላ መስመር ጣሉት። በቦታው ጠፍጣፋ ደማቅ ቀለምና ወፍራም የጠርዝ መስመር ገባ። ሪሶም የሚወደው ይህንኑ ነው፦ ጠፍጣፋ ቀለም፣ ግልጽ መስመር። ለስላሳ ጥላ ስትሰጪው ገጹ ይጨቀያል።

ኮላጅ፣ ማለትም ከተለያዩ ምስሎች ቆርጠሽ የምታገጣጥሚው ሥዕል፣ ልትሠሪ ከሆነ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የሱሪያሊዝም ሰዓሊው ማክስ ኧርንስት የ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንጨት ቅርጽ ኅትመቶችን እየቆረጠ ያገጣጥም ነበር። ስፌቱ የማይታየው ሁሉም ቁራጭ አንድ ዓይነት መስመር ስላለው ነው። የሕዳሴ ሥዕል፣ የስልክ ፎቶና የኢንተርኔት ክሊፓርት አንድ ገጽ ላይ ካገናኘሽ ግን አንባቢው መቀሱን እንጂ ሕልሙን አያይም። ሁሉንም በአንድ ብዕር እንደገና ቅጂው። አድካሚ ነው፣ ግን ሌላ መንገድ አላውቅም።

አሁን ወደ ፊደሉ። እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ ምክንያቱም ዚንሽ የሚለየው በዚህ ነው።

የላቲኑን ጎቲክ ተዪው። ያ ሹል ጥቁር ፊደል ዛሬ ንቅሳት፣ ቢራና የሮክ ባንድ ነው የሚያስታውሰው፤ ሥዕልሽን ገና ሳይነበብ ወደዚያ ይጎትተዋል። ለቦሎኛም ባዕድ ነው። የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ የሕግ መጻሕፍት በመካከለኛው ዘመን የሚጻፉት ክብ ክብ ባለ፣ ረጋ ባለ የእጅ ጽሕፈት ነበር፤ ሊተራ ቦኖኒየንሲስ ይባላል። ምሳሌዎቹን ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ፈልጊ። በሰፊ ብዕር የተጻፈ ነው፤ ወፍራምና ቀጭን መስመሩ ከብራና ፊደላችን ጋር ወዲያው ይግባባል።

አማርኛው ሙት የሆነብሽ ሁለት ነገር ስላደረግሽ ይመስለኛል። አንደኛ፣ ሁለቱንም ጽሑፎች በተመሳሳይ የነጥብ መጠን አስቀምጠሻል። የፊደላችን ቁመት ከሞላ ጎደል እኩል ነው፤ እንደ ላቲን ትንሽና ትልቅ ፊደል የለውም። ስለዚህ ቁጥሩን ሳይሆን የመስመሩን ውፍረት አመሳስዪ። ሁለተኛ፣ ኮምፒውተርሽ ውስጥ ያገኘሽውን ፎንት ሳትመርጪ ወስደሻል። ለረጅም ጽሑፍ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ብዙ የውፍረት ደረጃ አለው። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል ወደ እጅ ጽሕፈት የቀረበ ነው፣ ግን ውፍረቱ አንድ ብቻ ነው። ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ። ለትልልቁ ጽሑፍ ግን ፎንት አልመክርሽም። መቃ ቅረጪ፣ ወይም ሰፊ ጫፍ ያለው ማርከር ያዢ። አማርኛውንም ጣሊያንኛውንም በዚያው አንድ ጫፍ ጻፊ። እጁ አንድ ከሆነ ሁለቱ ጽሑፎች ጎረቤት መሆናቸው ወዲያው ይታያል።

ፊደልን ማስጮህ ስትጀምሪ ደግሞ ከላቲን የተማርሽው ሁሉ አይሠራም። በላቲን አንድ እግር ብታስረዝሚ ፊደሉ ያው ነው። በእኛ ፊደል እግር ድምፅ ነው። ምሳሌ ልስጥሽ። የኀዘኗን እመቤታችንን፣ ሰባት ሰይፍ ደረቷ ላይ የተሰካባትን፣ አንድ ገጽ ላይ ልታወጪ ነው እንበል። ስምዖን ለእመቤታችን የተናገረው ሰይፍ ነው መነሻው። ገጹ ላይ «ሰባት ሰይፍ» የሚለውን ትልቅ አድርገሽ፣ እግሮቹን ወደ ሰይፍ ልትቀይሪ ፈለግሽ። መጀመሪያ «ሰ»። የቀኝ እግሯን ብቻ ብታስረዝሚ አንባቢው «ሳ» ይላል። የግራውን ብቻ ብታስረዝሚ «ሶ» ይሆናል። ሁለቱንም እኩል አውርጂያቸው፤ ጥንድ ሰይፍ ይወጣሻል። «ባ» ላይ ዕድለኛ ነሽ። የቀኝ እግሯ ከመጀመሪያውም ረጅም ነው፣ የፈለግሽውን ያህል አውርጂው። «ት» አንድ እግር ብቻ ስላላት አትከለክልሽም፤ ጫፏን ግን ወደ ግራ እንዳታጥፊው፣ «ታ» ትሆናለች። ከደረት በታች እስከ ገጹ ግርጌ የሚወርዱ እግሮች፣ ጫፋቸው ብቻ የሾለ። ቃሉ እንደተነበበ ይቀራል፣ ሰይፎቹም ይታያሉ። ካዕብና ሣልስ ላይም ያው ጥንቃቄ ነው። የ«ሱ» ቅጥያ ወገቧ ላይ ነው፣ የ«ሲ» እግሯ ላይ። ቅጥያውን ወደታች ካንሸራተትሽው ቃሉ ተለወጠ።

ሌላ ያለሽ ሀብት ሁለት ነጥብ ነው፣ ይህ «፡»። ዛሬ በየቦታው በባዶ ክፍተት ተተክቷል፤ አንቺ ግን መልሺው። በሉቺያ ገጽ ላይ በየቃሉ መካከል ያሉትን ሁለት ነጥቦች በጥንድ ዓይን ተኪያቸው፣ በጣም ትንንሽ አድርገሽ። አንባቢው መጀመሪያ ነጥብ ነው ብሎ ያልፋቸዋል። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ እያዩት እንደሆነ ያውቃል። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድም ፊደል አልነካሽም።

ስለ ቀይ ቀለምሽ ደግሞ የምመኘው አንድ ነገር አለ። በብራና መጻሕፍታችን ቀይ ቀለም ከሁሉ በፊት የክብር ነው፤ የአምላክ፣ የእመቤታችን፣ የቅዱሳን ስም በቀይ ይጻፋል። በላቲኑ የቅዳሴ መጽሐፍ ደግሞ ቀዩ ለካህኑ የተሰጠ መመሪያ ነው። ጥቁሩን ያነበዋል፣ ቀዩን ያደርገዋል። አንቺ ሁለት ቋንቋና አንድ ቀይ ቀለም አለሽ። በአማርኛው ጽሑፍ ስሞቹ ብቻ ቀይ ይሁኑ። በጣሊያንኛው ቀዩ ለአንባቢው ትእዛዝ ይስጥ፦ ቁም፣ ገጹን ግለጥ፣ ወደ ግራ እይ፣ ዝም በል። ማብራሪያ አትጻፊ። ሁለቱ ልማዶች ጎን ለጎን ሆነው ገጹን ይመሩታል። የመጀመሪያው የግዕዝ ኅትመት፣ የ1513ቱ መዝሙረ ዳዊት፣ የታተመው ሮም ነው። ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ቄስ ነው፤ ግዕዙን ያስተማሩት እዚያ የነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ናቸው። ስለዚህ ፊደላችንና የሮም ማተሚያ ቤት ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ይተዋወቃሉ።

ሥዕልና ፊደል አንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ የማልጥሰው ሕግ አለኝ። አንዱ ከጮኸ ሌላው ዝም ይላል። ሉቺያ የረጋች ስለሆነች ፊደሉ ቢወራጭ ይችላል። እዚያው ቦሎኛ፣ ሳንታ ማሪያ ዴላ ቪታ ቤተ ክርስቲያን ሄደሽ የኒኮሎ ዴላርካን የሸክላ ሐውልቶች ስታዪ ግን ተቃራኒውን ትረጂያለሽ። ከክርስቶስ አስከሬን ዙሪያ ያሉት ሴቶች አፋቸውን ከፍተው እየጮኹ ነው፤ የአንዷ ልብስ እንደ ማዕበል ከኋላዋ ተነስቷል። እነሱን ከሣልሽ ጽሑፉ አንድ መስመር ይሁን፣ ትንሽ፣ ከገጹ ግርጌ። እዚያ ላይ ትልቅ ፊደል ብታስገቢ ጩኸቷን ትቀሚያታለሽ።

ፊደል በጣም የሚጫወትበት ገጽ ከፈለግሽ የሎሬቶን ጸሎት ውሰጂ፣ በ1587 ሮም ያጸደቀችውን። የእመቤታችን ስሞች ይደረደራሉ፤ ከእያንዳንዱ በኋላ «ለምኚልን» ይባላል። የምሥጢር ጽጌረዳ። የዳዊት ግንብ። የዝሆን ጥርስ ግንብ። የወርቅ ቤት። የሰማይ በር። የንጋት ኮከብ። ከዚህ በላይ ምን ሱሪያሊዝም ይመጣል? ከእኛው ውዳሴ ማርያም መሶበ ወርቅና ማዕጠንተ ወርቅ ቢጨመሩበት ቤተሰብ ናቸው። ስሞቹን አንድ በአንድ ቃል በቃል ሣዪያቸው፤ በር የሆነች ሴት፣ ግንብ የሆነ አንገት። «ለምኚልን» ግን በየስሙ ሥር ይደጋገም። እንደ ብዙ ሰው ድምፅ እንዲሆን ኮፒ አታድርጊው፣ በየጊዜው በእጅሽ ጻፊው። ሁለቱ አይመሳሰሉም፣ አንባቢውም ጉባኤውን ይሰማል።

እዚህ ላይ ሲስተር ኮሪታ ኬንትን ማወቅ አለብሽ። ሎስ አንጀለስ የነበረች መነኩሲት ናት፤ በ1960ዎቹ በሐር ስክሪን፣ ማለትም ቀለሙን በተወጠረ ጨርቅ እያሳለፈች፣ ታትም ነበር። ከሱቅ ማስታወቂያና ከዳቦ ማሸጊያ ላይ ፊደል ትወስዳለች። ወረቀቱን ታጨማድደዋለች፣ ታጥፈዋለች፣ ፎቶ ታነሳዋለች፣ ከዚያ የተጣመመውን ፊደል ለኅትመት ትቀዳዋለች። የዳቦው ማስታወቂያ በእሷ እጅ ስለ ቅዱስ ቁርባን መናገር ይጀምራል። ዘዴዋን በቀላሉ ትሞክሪዋለሽ። ቃሉን ወረቀት ላይ ጻፊ፣ ስካነሩ መስታወት ላይ አድርጊ፣ መብራቱ ሲያልፍ ወረቀቱን ጎትቺው። ፊደሉ ይለጠጣል። ከዚያ የነገርኩሽን የእግር ነገር እያየሽ ሳይነበብ የቀረውን ጣዪ።

ወደ እናትሽ እንምጣ። ፍርሃትሽን አልንቀውም። ኮሪታንም የሎስ አንጀለሱ ካርዲናል ማክንታየር አጥብቀው ተቃውመዋታል፤ በ1968 ከገዳሟ ወጣች። እኔ የምለው ይህን ነው። የሚያስቆጣው እንግዳ ሥዕል አይደለም፤ እንግዳ ሥዕል በየመሠዊያው አለ። የሚያስቆጣው ከጸሎት ውጭ ቆሞ የሚያላግጥ ዓይን ነው። ቅዱስ ቁርባንን ለቀልድ አታድርጊው። ሰማዕታቱን አታራቁቺ፣ ታሪኩ ካላስገደደሽ። የቅዱሳኑን ፊት በክብር ሣዪ። ይህን ካደረግሽ ዙሪያው የፈለገውን ያህል ቢገለበጥ እናትሽ ቅድስቲቱን ታውቃታለች።

ከዚያ ደግሞ እናትሽን ዚኑ ውስጥ አስገቢያት። ጣሊያኖችም ሜክሲኮዎችም ስዕለታቸው ሲደርስ ትንሽ ሥዕል አሥለው ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣሉ። በሜክሲኮ ቆርቆሮ ላይ ነው፣ በጣሊያን ብዙውን ጊዜ ጣውላ ላይ። ከቦሎኛ ብዙ የማትርቀው ቼዜና ውስጥ ያለው የሳንታ ማሪያ ዴል ሞንቴ ገዳም ትልቅ ስብስብ አለው። አሠራሩ ሁሌም ይመሳሰላል። ከላይ ጥግ ላይ በደመና ውስጥ ቅድስቲቱ። መሐል ላይ የደረሰው አደጋ፤ ከጣሪያ የወደቀ ሰው፣ የተገለበጠ ጋሪ፣ አልጋ ላይ ያለች ወላድ። ከታች በእጅ ጽሑፍ ማን፣ መቼ፣ የት፣ ስለምን አመሰገነ። ሰዓሊዎቹ አብዛኞቹ ስማቸው እንኳ አይታወቅም፤ ሥራቸው ግን ከብዙ የታወቀ ሱሪያሊስት ሥራ ይልቅ ልቤን ይነካዋል። ደውዪና እናትሽን ጠይቂያት፦ የተሳልሽው፣ የደረሰልሽ ነገር ምንድን ነው? የምትነግርሽን በዚህ አሠራር ሣዪው። ታችኛውን ጽሑፍ ራሷ በእጇ ጽፋ በስልክ ፎቶ አንስታ ትላክልሽ። የእሷ የእጅ ጽሑፍ የዚኑ ምርጥ ፊደል ይሆናል፤ ይህን ሳላይ እወራረዳለሁ።

የቀረው ማተሙ ነው። ሪሶ እያንዳንዱን ቀለም ለብቻው በስቴንስል፣ ማለትም ቀለም በቀዳዳዎቹ በሚያልፍበት ስስ ወረቀት፣ ነው የሚያትመው። ስለዚህ ለቀዩ አንድ፣ ለሰማያዊው አንድ ፋይል አዘጋጂ፤ ሁለቱም በግራጫ። ሙሉ ጥቁር ያደረግሽው ቦታ ሙሉ ቀለም ሆኖ ይወጣል። ቀይና ሰማያዊ የእመቤታችን ቀሚስና መጎናጸፊያ ናቸው፤ ሌላ ቀለም ባለመኖሩ አትዘኚ። ሁለቱ ሲደራረቡ ወደ ጥቁር የሚጠጋ ጥቁር ሐምራዊ ይሰጡሻል። ግን ቀለሞቹ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ይሸሻሉ። ስለዚህ ትንንሹን ጽሑፍና የፊት መስመሮችን በአንድ ቀለም ብቻ አውጪ፣ በሰማያዊው። የብርሃን አክሊሎቹን በቀይ አድርጊ፤ እነሱ ትንሽ ቢሸሹ እንዲያውም ያምርባቸዋል። መጎናጸፊያውን በሙሉ ቀለም አትሙዪው፤ በጥቅጥቅ መስመር ሙዪው። ሰፊ ሙሉ ቀለም የማሽኑን ጎማ አሻራ ይይዛል፣ የሚቀጥለውን ገጽም ያቆሽሻል። ከቀለም ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚወጣ አማርኛ ደግሞ ከ14 ነጥብ አይነስ፤ የ«ጨ» እና የ«ጠ» እግሮች መሐል ይደፈናል።

መጠኑ ኤ5 ቢሆን ጥሩ ነው። በኤ3 ወረቀት በአንድ ፊት አራት ገጽ ይገባል፤ 16ቱ ገጽ በሁለት ወረቀት፣ በሁለቱም ፊት ታትሞ ያልቃል። በሁለት ቀለም ስምንት ስቴንስል ያስፈልግሻል ማለት ነው። ወጪው ያለው ስቴንስሉ ላይ ስለሆነ አሥርና ሃያ ከማተም መቶ ማተም ያዋጣል። ገጾቹን ስታቀናጂ ጎን ለጎን የሚታተሙት ጥንዶች ሲደመሩ ሁልጊዜ 17 ይሆናሉ፤ 16 ከ1፣ 2 ከ15፣ እንዲህ እያለ እስከ 8 ከ9። 8 እና 9 አንድ ወረቀት ላይ ተያይዘው የሚወጡ መሐል ገጾች ናቸው። ሁለት ገጽ የሚያቋርጥ ሥዕል ካለሽ ቦታው እዚያ ነው። ሰባቱን ሰይፍ እዚያ አድርጊያቸው፤ ስቴፕሉ ግን ፊቷ ላይ እንዳያርፍ አስቀድመሽ ለኪ።

ወረቀቱ የማያብረቀርቅ ይሁን፤ የሪሶ ቀለም ሰም ያለው ወረቀት ላይ አይደርቅም። ቀይ ካተምሽ በኋላ ቢያንስ አንድ ሌሊት አሳድሪው፣ ከዚያ ሰማያዊውን። ፋይሉን ወደ ማሽኑ ከመውሰድሽ በፊት ሁሉንም በተራ ፎቶ ኮፒ አውጪ፣ እጠፊ፣ አማርኛ ብቻ ለሚያነብ አንድ ሰውና ጣሊያንኛ ብቻ ለሚያነብ ሌላ ሰው ስጪ። «ሰባት ሰይፍ» የሚለውን ጮክ ብሎ እንዲያነብልሽ ጠይቂው። «ሳባት» ካለ እግሮቹን እንደገና ሣዪ።